ጌም ሠርቶ ለመኖር ላሰበ፦ ኪስ የሚያራቁቱ ስህተቶች

ፒያሳ አንድ ካፌ ውስጥ አንድ ልጅ ላፕቶፑን ከፍቶ የሠራውን ጌም አሳየኝ። የፋሲል ግንብ ክብ ጉልላቱ ሳይቀር ልቅም ብሎ ተሠርቷል። ስምንት ወር ለፍቶበታል። “በ5 ዶላር ስቲም (ጌም የሚሸጥበት የኢንተርኔት መደብር) ላይ አወጣዋለሁ። 1,000 ሰው ከገዛኝ 5,000 ዶላር ነው” አለኝ። ደነገጥኩ። እኔም የመጀመሪያ ጌሜን ሳወጣ ያሰብኩት እንዲሁ ነበር።

ትልቁ ስህተት ይኸው ነው፤ የመሸጫ ዋጋን እንደ ገቢ መቁጠር። በደረሰኝ ጀርባ ላይ አብረን ደመርን። ስቲም 30 በመቶ ይወስዳል፤ 3.50 ቀረ። ገዢው አሜሪካ ከሆነ፣ ኢትዮጵያ ከአሜሪካ ጋር የገቢ ግብር ስምምነት ስለሌላት፣ ከልጁ ድርሻ ላይ ሌላ 30 በመቶ ለግብር ይቆረጣል፤ 2.45 ቀረ። አውሮፓ ሲሸጥ ደግሞ ቫቱ ከዚያችው ከ5 ዶላሯ ውስጥ ይወጣል። ብዙ ሰው የሚገዛው ቅናሽ ጠብቆ ነው። ከሁለት ሰዓት በታች የተጫወተ ሰው በ14 ቀን ውስጥ ብሩን ማስመለስ ይችላል። መመዝገቢያው 100 ዶላርም የሚመለሰው ጌሙ 1,000 ዶላር ከሸጠ በኋላ ነው። ልጁ ቁጥሩን እያየ ዝም አለ።

ሁለተኛው የራስን ጊዜ በነፃ ማሰብ ነው። “ቤተሰብ ጋ ነው የምኖረው፣ ወጪ የለኝም” ይላሉ ብዙዎች። እናታችሁ የምትጋግረው እንጀራ ጤፉ በነፃ አልመጣም። የወር ወጪያችሁን ጻፉ፤ ምግቡን፣ የኢንተርኔት ጥቅሉን፣ መብራት ሲጠፋ ካፌ የምትከፍሉትን። በወሩ ቁጥር አባዙት። ጌሙ የፈጀው ብር ያ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ጌም በሦስት ወር የሚያልቅ ትንሽ ነገር ይሁን።

ሥራ መልቀቅም አለ። በፍጹም አትልቀቁ። የጥር ሠርግ ቪዲዮ ኤዲት የምታደርጉ ከሆነ እሱ ነው ጌሙን የሚያኖረው።

እስኪያልቅ መደበቅ ደግሞ ሌላው ነው። ስቲም የጌሙ ገጽ ከመውጫው ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀድሞ እንዲከፈት ያስገድዳል፤ ሁለት ሳምንት ግን ምንም አይደለም። ሰው ዊሽሊስት (በኋላ እገዛቸዋለሁ ብሎ የሚይዛቸው ጌሞች ዝርዝር) ውስጥ እንዲያስገባችሁ ገጹን ወራት ቀድማችሁ ክፈቱ።

በመጨረሻ፣ ብሩ የሚገባበትን መንገድ ሳያጣሩ መጀመር። ስቲም የዚህን ወር ሽያጭ የሚልከው በሚቀጥለው ወር መጨረሻ ነው፣ 100 ዶላር ካልሞላም ያቆየዋል። ምንዛሬውም ከሐምሌ 2016 ጀምሮ በገበያ የሚወሰን ስለሆነ፣ በዛሬው ዋጋ አስልታችሁ አትበደሩ። ባንካችሁን ቀድማችሁ ጠይቁ። ለስቲም በምትሞሉት የግብር ቅጽ ላይ ያለው ስምና የባንኩ ስም አንድ መሆን አለበት። ልጁ በማግስቱ ሄዶ ሲያይ፣ የአባቱ ስም በእንግሊዝኛ ፓስፖርቱ ላይና ባንኩ ላይ በአንድ ፊደል ይለያያል። ጌሙ ሳይወጣ አስተካከለው።