ሌሊት እየደነዘዘ የሚቀሰቅስ እጅ፦ ምን ይደረጋል?

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ እጅ ደንዝዞ፣ እንደ መርፌ እየጠቀጠቀ ከእንቅልፍ ያነቃል። ተነሥተው ሲያራግፉት ይለቃል። ጠዋት ሲያወሩት የቤተሰቡ መልስ ያው ነው፤ «ብርድ ነው»። ብዙ ጊዜ ግን ብርድ ሳይሆን የእጅ አንጓ ላይ የተጨቆነ ነርቭ ነው።

አንጓው ላይ ወለሉና ግድግዳው አጥንት፣ ጣሪያው ወፍራም የጅማት መቀነት የሆነ ጠባብ መተላለፊያ አለ። ጣት የሚያጥፉ 9 ጅማቶችና ሚዲያን የሚባለው ነርቭ በዚያ ተጣብበው ያልፋሉ። ልብስ ሲታሽና ሲጨመቅ፣ ሊጥ ሲቦካ፣ ሹሩባ ሲሠራ ቀኑን ሙሉ አንጓ ይታጠፋል፣ ጣት ይጨብጣል። ውስጡ ሲያብጥ መተላለፊያው አይሰፋም፤ ጫናው ነርቩ ላይ ያርፋል። እርግዝና፣ የስኳር በሽታና የታይሮይድ (አንገት ላይ ያለ ዕጢ) ሆርሞን ማነስም ያባብሱታል።

መጀመሪያ ጣት ይቁጠሩ። በሚቀጥለው ጊዜ ሲደነዝዝብዎ መብራት አብርተው የትኞቹ ጣቶች እንደሆኑ ይለዩ። አውራ ጣት፣ ሌባ ጣት፣ መሃል ጣትና የቀለበት ጣት በመሃል ጣት በኩል ያለው ግማሹ ከሆኑ ነገሩ ይኸው የአንጓ ነርቭ መጨቆን ሳይሆን አይቀርም። ትንሿ ጣት ከደነዘዘች ግን በክርን በኩል የሚያልፈውን ሌላ ነርቭ ይጠርጥሩ። ሕመሙ ከአንገት ጀምሮ የሚወርድ ከሆነም ምንጩ አንገት ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ የሁለቱን እጆች ጀርባ አጋጥመው፣ ጣቶችዎን ወደ መሬት አድርገው 1 ደቂቃ ይቆዩ። በአሜሪካዊው ሐኪም በጆርጅ ፋለን ስም የሚጠራ ፍተሻ ነው። እነዚያው ጣቶች ከደነዘዙ ጥርጣሬው ይጠነክራል፤ ባይደነዝዙም ግን ነጻ ነዎት ማለት አይደለም።

ዋናው ሥራ የሌሊቱ ነው። ተኝተን ሳናውቀው አንጓችንን አጥፈን እናድራለን፤ የታጠፈ አንጓ ደግሞ መተላለፊያውን ያጠብበዋል። ስለዚህ ቀጥ አድርጎ የሚይዝ የአንጓ መደገፊያ ከመድኃኒት ቤት ገዝተው አስረውት ይተኙ። ውስጡ ያለው ብረት ብዙ ጊዜ ወደ ላይ የታጠፈ ስለሆነ አውጥተው ያቃኑት፤ ይህን የሚነግርዎ ሻጭ እምብዛም አያገኙም። መደገፊያ ካጡ ከክንድ አጋማሽ እስከ መዳፍ መሃል የሚደርስ ጠንካራ ካርቶን በፋሻ ላላ አድርገው ይጠምጥሙ፤ ጣቶች ነጻ ይሁኑ። ሁለት ሌሊት ሞክረው አይተዉት፤ ለውጡን ለመፍረድ 6 ሳምንት ያህል ይስጡት።

ቀን ቀን ከባድ ልብስ እየጠመዘዙ አይጭመቁ፣ ውሃው እየተንጠባጠበ ይሰጣ። ሲያቦኩ እጅ ይቀያይሩ፣ በየመሃሉ ያሳርፉ። ወጌሻ ጋ ሄዶ አንጓን በኃይል ማሳሸትን እኔ አልመክርም፤ የተጨቆነ ነርቭ ላይ ተጨማሪ ጫና ነው።

ድንዛዜው ቀንም ካልለቀቀ፣ ሲኒ ከእጅ ከወደቀ፣ የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍ ካስቸገረ ወይም የአውራ ጣት ሥር ያለው ሥጋ ከሟሸሸ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ፤ ስኳርዎንም ይለኩ። ሐኪሙ አንጓው ላይ እብጠት የሚቀንስ የስቴሮይድ መርፌ ሊወጋ ወይም ያንን የጅማት መቀነት በቀዶ ሕክምና ሊከፍተው ይችላል። ቀዶ ሕክምናው አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው እጅን ብቻ አደንዝዞ ነው፤ ሰውየውም በዚያው ቀን ቤቱ ይገባል። ሟሽሾ የቆየ ጡንቻ ግን ከቀዶ ሕክምና በኋላም ላይመለስ ይችላል።