የመጀመሪያ ማውንቴን ሳይክል ሲገዛ ዋጋ የሚያስከፍሉ ስህተቶች

የመጀመሪያ ሳይክሉን ሊገዛ የወጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው ቀለሙን፣ የማርሹን ብዛትና ዋጋውን ነው። ቁመቱንና የእግሩን ርዝመት ለክቶ የሚሄድ ጥቂት ነው። እኔ የሚያማክረኝን ሁሉ አስቀድሜ የምለው አንድ ነገር አለ፦ ጎማ ይቀየራል፣ ማርሽ ይቀየራል፣ ኮርቻም ይቀየራል። ፍሬሙ፣ ማለትም የሳይክሉ አጽም፣ ልክ ካልሆነ ግን ሳይክሉን ሸጦ ሌላ ከመግዛት በቀር መላ የለውም። እዚህ የማወራው ሾክ ከፊት ብቻ ስላለው፣ ሃርድቴይል ስለሚባለው ማውንቴን ነው።

ርካሽ ባለ ሁለት ሾክ መግዛት

ከኋላም ሞላ ያለው ሳይክል ሱቅ ውስጥ ሲታይ ያምራል። በትንሽ ብር ግን ደህና የኋላ ሾክ አይገኝም። ክብደት ይጨምራል፣ ዳገት ላይ ጉልበታችሁን ይበላል፣ መገጣጠሚያዎቹም ሳይቆዩ ይላላሉ። በዚያው ብር የተሻለ ፍሬንና የተሻለ ማርሽ ያለው ሃርድቴይል ታገኛላችሁ።

የጎማውን ቁጥር የሳይክሉ ልክ አድርጎ ማሰብ

«ልኬ 26 ነው» የሚል ሰው ብዙ ነው። 26፣ 27.5 እና 29 የጎማው ዙር ከዳር እስከ ዳር ያለው ርዝመት (ዲያሜትሩ) በኢንች ነው እንጂ የፍሬሙ ልክ አይደለም። ባለ 29 ጎማ ሳይክል ለአጭር ሰውም ለረጅም ሰውም ይሠራል። ግራ የሚያጋባው ፍሬሙም አንዳንዴ በኢንች መጻፉ ነው፤ 15፣ 17፣ 19 ይላል። ይህ ፔዳሎቹ ከሚዞሩበት እምብርት ጀምሮ የኮርቻው ዘንግ እስከሚገባበት ቱቦ አፍ ድረስ ያለው ርዝመት ነው። ሌሎች ፋብሪካዎች ደግሞ ስሞል፣ ሚዲየም፣ ላርጅ ብለው ይጽፋሉ።

ጎማን በተመለከተ ትልቁ 29 ድንጋይና ጉድጓድ በቀላሉ ያልፋል። ከመግዛታችሁ በፊት ግን በምትኖሩበት አካባቢ የዚያ ልክ ጎማና ካላማዳሪያ መኖሩን ጠይቁ።

እግር መሬት ከነካ ልክ ነው ማለት

ከሁሉም የበለጠ የማየው ይህንን ነው። ገዢው ኮርቻው ላይ ይቀመጣል፣ ሁለት እግሩ ደልደል ብሎ መሬት ሲይዝ «ልኬ ነው» ብሎ ብሩን ይቆጥራል። እንደዚያ ዝቅ ብሎ የሚነዳ ሰው ጉልበቱ ሁልጊዜ እንደታጠፈ ነው። ዳገት ላይ አቅም ያጣል፣ ጉልበቱንም ያመዋል። ትክክለኛ ከፍታ ላይ ባለ ኮርቻ ተቀምጣችሁ ስትቆሙ መሬት የሚነካው የእግር ጣታችሁ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ችግር የለውም።

ቤት ውስጥ የሚሠራ ልኬት ልንገራችሁ። ጫማ አውልቃችሁ ጀርባችሁን ለግድግዳ ስጡ። ጠንካራ ሽፋን ያለው መጽሐፍ በእግሮቻችሁ መሃል ይዛችሁ ወደ ላይ ጠበቅ አድርጉት። ከመጽሐፉ የላይኛው ጠርዝ እስከ ወለሉ ያለውን ሌላ ሰው ይለካ። ያንን ቁጥር በ0.883 አባዙት። 80 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 70.6 ይመጣል። ይህ ከፔዳሎቹ እምብርት እስከ ኮርቻው አናት ሊኖር የሚገባው ርቀት ግምት ነው፤ ከዚያ እየነዳችሁ ትንሽ ከፍ ዝቅ ታደርጉታላችሁ። ሜትር ከሌላችሁ ተረከዛችሁን ታች ባለው ፔዳል ላይ አድርጉ፤ እግራችሁ ቀጥ ማለት አለበት። ኮርቻውን እዚህ ከፍታ ላይ ስታደርሱት ዘንጉ ላይ የተጻፈው «ከዚህ በላይ አታውጡ» የሚለው መስመር ብቅ ካለ፣ ፍሬሙ ያንሳችኋል።

ቀጥሎ ከኮርቻው ፊት ወርዳችሁ የላይኛውን ቱቦ በሁለት እግራችሁ መሃል አድርጋችሁ ቁሙ። ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ይኑር። ድንጋያማ ቁልቁለት ላይ በድንገት ስትወርዱ የዚህ ክፍተት ጥቅሙ ይገባችኋል።

የሚረሳው ርዝመቱ ነው። ቁመታቸው እኩል የሆነ ሁለት ሰዎች፣ አንዱ እግረ ረጅም ሌላው ወገበ ረጅም ሊሆኑ ይችላሉ። ስለዚህ ፔዳሉ ላይ ቆማችሁ ትንሽ ንዱት። ክርናችሁ ለቀቅ ብሎ መታጠፍ አለበት፤ ጉልበታችሁም መሪውን መንካት የለበትም። በፋብሪካው ሠንጠረዥ ላይ ይህንን የሚያሳየው ሪች የሚባለው ቁጥር ነው። ከ170 እስከ 178 ሴንቲ ሜትር ለሚሆን ሰው ብዙ ጊዜ ሚዲየም ይሆናል። ግን የአንዱ ፋብሪካ ሚዲየም ከሌላው ላርጅ ሊቀራረብ ይችላል። ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ ዘመድ ይዞላችሁ የሚመጣ ከሆነ «ሚዲየም ግዛልኝ» ብቻ አትበሉ። ቁመታችሁንና የእግራችሁን ልኬት ላኩለት፣ እሱም ከዚያው ሞዴል ሠንጠረዥ ጋር ያስተያየው።

«ያድግበታል»

ለልጅ ሹራብ ሲገዛ ያስኬዳል። ሳይክል ላይ ግን አይሠራም። የፍሬን እጀታ ላይ ጣቱ በደንብ የማይደርስ ልጅ ቁልቁለት ላይ ማቆም አይችልም። ዛሬ የሚሆነውን ግዙለት።

ማርሽ በብዛቱ መምረጥ

«21 ማርሽ አለው» የሚለው የሻጭ ቃል ነው። ከፊት 3፣ ከኋላ 7፣ ሲባዛ 21። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ የሚወጣ ሰው ግን የሚያስፈልገው አንድ ነገር ነው፦ በጣም ቀላል ማርሽ። የእንጦጦ አናት ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር ይበልጣል፤ አየሩ ሳስቶ ዳገቱ ሲጨመርበት ትንፋሽ ያሳጥራል።

ጥርስ ቁጠሩ። በብዙ ርካሽ ባለ 21 ሳይክሎች ከፊት ትንሹ 28 ጥርስ፣ ከኋላ ትልቁም 28 ነው። ፔዳሉ አንዴ ሲዞር የኋላው ጎማ አንዴ ይዞራል ማለት ነው። ከፊት አንድ ባለ 32 ጥርስ ብቻ ኖሮት ከኋላ ትልቁ 50 የሆነ ሳይክል ላይ ግን ጎማው የሚዞረው የዙር ሁለት ሦስተኛ እንኳ አይሞላም። በጣም ይቀላል። ከፊት 22፣ ከኋላ 34 ያለው የቆየ ባለ 24 ማርሽም ከዚህ እምብዛም አይለይም። ስለዚህ ያገለገለ ቢሆንም አትናቁት።

ማርሽና ፍሬን የሚሠራው የሺማኖ ፋብሪካ ስም ስላለበትም ብቻ አትቸኩሉ። ለማውንቴን ከሚሠሯቸው ዕቃዎች ቱርኒ ዝቅተኛው ነው፤ አልተስ፣ አሴራ፣ አሊቪዮ፣ ዲኦሬ እያለ ወደ ላይ ይሄዳል። ኪሳችሁ ከቻለ ከአልተስ ጀምሩ።

ሾኩን ሳይጫኑ መግዛት

መሪውን ይዛችሁ በሰውነታችሁ ክብደት ተጫኑት። ወርዶ ያለ ጩኸት መመለስ አለበት። ሞላ ያለው ሾክ የሚከብድ ነው፣ ለሰውነታችሁ ክብደትም ብዙ አይስተካከልም። በአየር የሚሠራው ግን በፓምፕ ይስተካከላል። 100 ሚሊ ሜትር የሚወርድ ከሆነ ስትቀመጡበት 20 ሚሊ ሜትር ያህል ይውረድ።

የመኪና ፍሬን ዘይት መጨመር

በዘይት የሚሠራ የዲስክ ፍሬን ለረጅም ቁልቁለት ትልቅ ነገር ነው፤ አንድ ጣት ይበቃዋል። ዘይቱ ግን ሁሉም አንድ አይደለም። የሺማኖ ፍሬን ሚኒራል ኦይል ነው የሚወስደው። መኪና ዕቃ መሸጫ የምታገኙት ግን ዶት የሚባለው ነው። ዶት ሺማኖ ውስጥ ከገባ ውስጡ ያሉትን ጎማዎች ያሳብጣቸዋል፤ እጀታው ይነክሳል፣ ፍሬኑም ይበላሻል። ስራም (SRAM) የሚባለው ሌላ ፋብሪካ ብዙዎቹ ፍሬኖች በተቃራኒው ዶት ይወስዳሉ። እጀታው ላይ ወይም የዘይቱ ክዳን ላይ የተጻፈውን አንብቡ። በአካባቢያችሁ ትክክለኛውን ዘይት የሚያገኝ ሰው ከሌለ፣ በሽቦ የሚሠራ የዲስክ ፍሬን መምረጥ ብልህነት ነው።

ጎሚስታ ጋር «ሙላልኝ» ማለት

ጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ቁጥር ከፍተኛው ነው። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው 2.25 ኢንች ስፋት ባለው ጎማ ከ25 እስከ 30 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ) ይጀምር። ከዚያ በላይ ሲነፋ ጠጠር ላይ ያንሸራትታል። ፕሬስታ የሚባለው ቀጭን ቫልቭ ካለው ደግሞ የጎሚስታው ቧንቧ አይገባለትም። መግጠሚያ ገዝታችሁ ቦርሳችሁ ውስጥ አስቀምጡ።

ያገለገለውን ቀለሙን አይቶ መግዛት

ሰንሰለቱን በማስመሪያ ለኩ። ከአንዱ ፒን መሃል ጀምራችሁ 20 ወደፊት ቁጠሩ፤ አዲስ ከሆነ 25.4 ሴንቲ ሜትር ነው። 25.6 ከደረሰ አልቋል፤ የኋላውን ጥርስም አብሮ በልቶት ሊሆን ይችላል። ያንን ከዋጋው አስቀንሱ።

ከዚያ ፍሬሙን በጨርቅ ጥረጉና መሪው ሥር፣ ቱቦዎቹ የተበየዱበትን ቦታ በስልክ መብራት እዩ። ቀለሙ በቀጭን መስመር የተሰነጠቀ ከመሰለ በጥፍራችሁ ዳስሱት። «አስበይጄዋለሁ፣ አሁን ጠንካራ ነው» ቢላችሁም አትቀበሉ። የአሉሚኒየም ፍሬም ከተበየደ በኋላ ፋብሪካ ውስጥ በሙቀት ካልታከመ በብየዳው ዙሪያ ይደክማል፤ ያ ቦታ ደግሞ ቁልቁለት ላይ ክብደታችሁ በሙሉ የሚያርፍበት ነው። ዋጋ ሳትደራደሩ ትታችሁት ሂዱ።