ለባዛር የሚሆን የሹራብ ኮፍያና የመወርወሪያ ዳንቴል ጉትቻ እንዴት ይሠራል?

ለዘመድ ስጦታ የሚሆን ኮፍያ አንድ ጊዜ ካማረ በቂ ነው። ለባዛር የሚሠራው ግን ሁለተኛውም አሥረኛውም እንደ መጀመሪያው መውጣት አለበት። ገዢ “ይህንኑ በሰማያዊ አለ?” ብሎ ሲጠይቅ ቀለሙ ይለያይ እንጂ ልኩና ጥራቱ ያው መሆን ይኖርበታል። ለዚህ ደግሞ ከእጅ ፍጥነት ይልቅ ሜትርና ደብተር ይረዳሉ።

እዚህ የምናየው ሁለት ዕቃ ነው፤ በክብ መርፌ የሚሠራ የአዋቂ ኮፍያ እና በመወርወሪያ የሚቋጠር የአበባ ጉትቻ። ሁለተኛው ታቲንግ የሚባለው ሥራ ነው። በኪሮሽ ከሚሠራው ዳንቴል የሚለየው ክሩ ጣት በምታህል፣ ጀልባ በምትመስል መወርወሪያ ላይ ተጠምጥሞ ሥራው በሙሉ በቋጠሮ መሠራቱ ነው። ስለዚህ አንድ ቦታ ቢበጠስ እንደ ሹራብ አይተረተርም፤ ሲሳሳቱ መፍታትም የዚያኑ ያህል አስቸጋሪ ነው። በሹራቡ ክፍል “ዓይን” የምንለው መርፌው ላይ የሚቀመጠውን አንዱን የክር እጥፋት ነው፤ “ቀጥታ” ፊቱ ለስላሳ የሚወጣው ተራ አሠራር፣ “ግልባጭ” ደግሞ የዚያው የጀርባ ገጽታ ወደ ፊት የሚወጣበት ነው።

ሰዓትዎን ይቁጠሩ

ባዛሩ 6 ሳምንት ቀርቶታል እንበል። በሳምንት 10 ሰዓት ቢሠሩ 60 ሰዓት አለዎት። አንድ ኮፍያ 5 ሰዓት፣ አንድ ጥንድ ጉትቻ አንድ ሰዓት ተኩል ከፈጀብዎ፣ 6 ኮፍያ 30 ሰዓት፣ 12 ጥንድ ጉትቻ ደግሞ 18 ሰዓት ይወስዳሉ። የቀሩት 12 ሰዓታት ለማጠብ፣ የክር ጫፍ ለመደበቅና መለያ ለማሰር ናቸው። ብዙ ሰው እነዚህን 12 ሰዓታት ይረሳና በባዛሩ ዋዜማ ጫፍ ሲሰፋ ያድራል። የራስዎን ፍጥነት ለማወቅ የመጀመሪያውን ኮፍያና የመጀመሪያውን ጥንድ ሰዓት ይዘው ይሥሩ፤ በግምት የተያዘ ሰዓት ሁልጊዜ ከእውነቱ ያንሳል።

አሥር ዓይነት ዕቃ ከየዓይነቱ አንድ አንድ ይዞ መቅረብ ጠረጴዛውን የተረፈ ዕቃ መሸጫ ያስመስለዋል። ሁለት ዓይነት በሦስት በሦስት ቀለም ይሻላል። የሌላ ሰው ንድፍ የሚከተሉ ከሆነ፣ ሠርቶ ለመሸጥ የሚፈቅድ መሆኑን ንድፉ ላይ ያንብቡ፤ አንዳንዱ ለግል መጠቀሚያ ብቻ ነው።

ክርና መርፌ

ለኮፍያው 100 ግራሙ ከ200 እስከ 220 ሜትር የሚሆን መካከለኛ ክር ይምረጡ። ለአንዱ ኮፍያ ከ60 እስከ 80 ግራም ይበቃል። 40 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያላቸው ሁለት ክብ መርፌዎች፣ አንዱ 3.5 ሚሊ ሜትር ሌላው 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው፣ ያስፈልጋሉ። ለኮፍያው አናት ደግሞ በሁለቱም በኩል ሹል የሆኑ 5 አጫጭር ባለ 4 ሚሊ ሜትር መርፌዎች ያዘጋጁ።

ሱፍ ተለጥጦ ይመለሳል፤ ለኮፍያ የሚመረጠውም ለዚህ ነው። ጥጥ ከተለጠጠ በኋላ በደንብ ስለማይሰበሰብ የኮፍያው አፍ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሰፍቶ ዓይን ላይ ይወርዳል፤ ለመወርወሪያ ሥራ ግን ከጥጥ የሚሻል የለም። አክሪሊክ ለመታጠብ ምቹ ሲሆን ጠላቱ ሙቀት ነው። የጋለ ካውያ ከነካው ይለሰልስና ዝርግ ብሎ ይቀራል፤ መልሶ የሚያነሳው ነገር የለም።

በክሩ መጠቅለያ ላይ ከቀለሙ ስም ወይም ቁጥር ሌላ አንድ ቁጥር አለ፤ ክሩ ከየትኛው የማቅለሚያ ዙር እንደወጣ የሚያሳይ። ሁለት ጥቅል “ያው ቀይ” ሆነው ይህ ቁጥር ከተለያየ፣ በመብራት የማይታየው ልዩነት ፀሐይ ላይ ሲወጣ ኮፍያው መሐል ላይ መስመር ሠርቶ ይታያል። ለአንድ ቀለም የሚበቃውን ሁሉ በአንድ ቁጥር ይግዙ፤ መጠቅለያውንም ደብተርዎ ውስጥ ይለጥፉት።

የማይዘለለው ናሙና

ናሙና፣ ማለትም ከኮፍያው በፊት በዚያው ክርና መርፌ የሚሠራ ትንሽ መሞከሪያ ቁራጭ፣ ጊዜ ማባከን የሚመስለው ሒሳቡን ላልሠራ ሰው ነው። የኛ ኮፍያ የተሰላው በ10 ሴንቲ ሜትር 22 ዓይን እንዲሆን ነው። በ112 ዓይን ሲጀመር ዙሪያው 51 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይወጣል፤ 56 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ራስ ይህ ልክ ነው፣ ኮፍያ ከራስ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ጠቦ ሲለጠጥ ይይዛልና። እጅዎ ላላ ብሎ 20 ዓይን ከሆነ ያው 112 ዓይን 56 ሴንቲ ሜትር ይሆንና ኮፍያው ይወልቃል። ጠበቅ ብሎ 24 ከሆነ ደግሞ ወደ 47 ይወርድና ለልጅ ካልሆነ አይገባም። በ10 ሴንቲ ሜትር ላይ ሁለት ዓይን ብቻ መለየቱ ይህን ያህል ያመጣል።

ናሙናው ቢያንስ 15 በ15 ሴንቲ ሜትር ይሁን። አጥበው ያድርቁትና መሐሉ ላይ 10 ሴንቲ ሜትር ለክተው ይቁጠሩ፤ ጠርዙ ስለሚጠቀለል አያስተማምንም። ከ22 ካነሰ ቀጠን ባለ መርፌ፣ ከበለጠ ወፈር ባለ መርፌ ይሞክሩ እንጂ እጅዎን ለማጥበቅ ወይም ለማላላት አይታገሉ፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ እጅ ወደ ልማዱ ይመለሳል። ሌላም አለ፤ በወዲያ ወዲህ ሥራ በግልባጭ የሚሠራው ረድፍ ብዙ ሰው ላይ ይላላል፣ በክብ ሥራ ደግሞ ያ ረድፍ የለም። ስለዚህ ለክብ ኮፍያ ናሙናውም በክብ ይሠራ።

ኮፍያው

በ3.5 መርፌ 112 ዓይን ያውጡ። ሁለት ክር በሚጠቀመው አጀማመር ከሆነ፣ ጅራቱን፣ ማለትም ወደ ጥቅሉ የማይሄደውን የክር ጫፍ፣ ከሚፈለገው ስፋት ሦስት እጥፍ ያህል ያስረዝሙት፤ እዚህ ላይ 160 ሴንቲ ሜትር ግድም ማለት ነው። ካጠረ ሁሉንም ፈትቶ እንደገና መጀመር ነው። መነሻው ከጠበቀ ኮፍያው ግንባር ላይ መስመር ይሠራል፤ መነሻውን ብቻ በ4 መርፌ ማውጣት ይህን ያስቀራል።

ዙሩን ከመግጠምዎ በፊት መርፌውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው የመነሻው ጠርዝ በሙሉ ወደ ውስጥ መመልከቱን ያረጋግጡ። አንድ ቦታ ከተጠማዘዘ ኮፍያው እንደ ስምንት ቁጥር ይዞራል፤ ጥቂት ዙር ካለፈ በኋላ ደግሞ መፍትሔው መፍታት ብቻ ነው። የዙሩ መጀመሪያ ላይ ምልክት ያስገቡ።

ሁለት ቀጥታ፣ ሁለት ግልባጭ እያሉ 5 ሴንቲ ሜትር ይሥሩ። ይህ እንደ ላስቲክ የሚለጠጠው ጠርዝ ነው። ከቀጥታ ወደ ግልባጭ ሲሻገሩ ክሩን በሁለቱ መርፌዎች መካከል ወደ ፊት ማምጣት የዘነጋ ሰው መርፌው ላይ ትርፍ እጥፋት ያገኛል፤ በየዙሩ መጨረሻ 112 መሆኑን ቢቆጥሩ ስሕተቱ ገና ቅርብ ሳለ ይያዛል። ከዚያ ወደ 4 መርፌ ተሻግረው፣ ከመነሻው ጀምሮ 15 ሴንቲ ሜትር እስኪሆን ዙሩን ሁሉ ቀጥታ ይሥሩ።

አናቱን ለማጥበብ 112ቱን በየ14 ዓይኑ ለ8 ይከፍሉታል። በእያንዳንዱ ክፍል 12 ቀጥታ ሠርተው ሁለቱን ዓይን አንድ ላይ ይሥሩ፤ 104 ይቀራል። ቀጣዩ ዙር ሳይቀነስ ያልፋል። በሚቀጥለው 11 ሠርተው ሁለቱን አንድ ላይ፣ እንዲህ እያሉ አንድ ዙር እየቀነሱ አንድ ዙር እያሳለፉ 56 ዓይን እስኪቀር ይቀጥሉ። ከዚያ በኋላ ሳያሳልፉ በየዙሩ ይቀንሱ፤ 48፣ 40፣ 32፣ 24፣ 16፣ በመጨረሻ 8። ዓይኖቹ አንሰው ክብ መርፌው ላይ መዞር ሲያቅታቸው ወደ አጫጭሮቹ መርፌዎች ያዛውሯቸው። ክሩን 25 ሴንቲ ሜትር አስቀርተው ይቁረጡና በወፍራም መርፌ በ8ቱ ዓይን ውስጥ ሁለት ጊዜ አሳልፈው ይሳቡት። አንድ ጊዜ ብቻ ከሆነ አናቱ ላይ ቀዳዳ ይከፈታል።

የክሩን ጫፍ በውስጥ በኩል 5 ሴንቲ ሜትር በአንድ አቅጣጫ፣ ከዚያ ተመልሰው ጥቂት በተቃራኒው ያስገቡ። በአንድ አቅጣጫ ብቻ የገባ ጫፍ ከሁለት እጥበት በኋላ ብቅ ይላል። ገዢ ኮፍያ ሲያነሳ መጀመሪያ የሚያደርገው ገልብጦ ውስጡን ማየት ነውና እዚህ አይቸኩሉ።

የአበባው ጉትቻ

ቁጥሩ 20 የሆነ የተከረረ የጥጥ ዳንቴል ክር፣ መወርወሪያ፣ 0.6 ሚሊ ሜትር ኪሮሽ፣ ቀጭን የስፌት መርፌ ይያዙ። በዳንቴል ክር ቁጥሩ በጨመረ መጠን ክሩ ይቀጥናል፤ 40 የሚያምር ሥራ ያወጣል፣ ለመማሪያ ግን ዓይን ያደክማል። ለአንድ አበባ 2 ሜትር ክር ይጠምጥሙ፤ የተወሰነው ይተርፋል፣ እጅ ላይ የሚዞረው ክር ግን እስከ መጨረሻው ቀለበት ድረስ እንዳያጥር ያደርጋል። እጅዎን ታጥበው ያድርቁ፤ ቋጠሮው ውስጥ የገባ ቅባት አይለቅም።

ክሩን በግራ እጅዎ ጣቶች ዙሪያ አዙረው በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ቆንጥጠው ይያዙት። አንዱ ድርብ ቋጠሮ ሁለት ግማሽ አለው። ለመጀመሪያው ግማሽ መወርወሪያው በእጅ ላይ ካለው ክር ሥር ገብቶ በላይ ይመለሳል፤ ለሁለተኛው በላይ አልፎ በሥር ይመለሳል። የሥራው ምስጢር ያለው ከዚህ በኋላ ነው። ቋጠሮው ሲሠራ የተጠመጠመው የመወርወሪያው ክር ነው። የግራ መሐል ጣትዎን ላላ አድርገው የመወርወሪያውን ክር ወጠር ሲያደርጉት ቋጠሮው “ይገለበጥና” የሚጠመጠመው የእጁ ክር ይሆናል፤ የመወርወሪያው ክር ቀጥ ብሎ በመሐል ያልፋል። ካልተገለበጠ ቀለበቱ ፈጽሞ አይዘጋም። ጀማሪ ሁሉ የሚወድቀው እዚህ ነው። መፈተኛው ቀላል ነው፤ ከየግማሹ በኋላ የመወርወሪያውን ክር ሳብ ያድርጉ፣ ቋጠሮው ከተንሸራተተ ልክ ነው፣ ከያዘ ተሳስቷል፤ ያኔውኑ በመርፌ ጫፍ ይፍቱት።

“ጆሮ” የምንላት ትንሿ ማንጠልጠያ በሁለት ድርብ ቋጠሮዎች መካከል ተትቶ የሚቀር ክር ናት። 5 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው የካርቶን ቁራጭ መሐል ገብቶ ቀጣዩ ቋጠሮ ሲጠጋ ጆሮዎቹ ሁሉ እኩል ይወጣሉ። በዓይን መለካት ለአንድ አበባ ይሠራል፤ ሁለት ጉትቻ ግን መንታ መሆን አለበት።

አንዱ ቀለበት እንዲህ ነው፦ 5 ድርብ ቋጠሮ፣ ጆሮ፣ 5፣ ጆሮ፣ 5፣ ጆሮ፣ 5። ሃያ መሆኑን ቆጥረው የመወርወሪያውን ክር ሳብ በማድረግ ይዝጉት። የተዘጋን ቀለበት መክፈት ክሩን ስለሚያቆስል ቆጠራው ከመዝጋት በፊት ይሁን። 2 ሚሊ ሜትር ባዶ ክር ትተው ሁለተኛውን ይጀምሩ። 5 ቋጠሮ ሲሠሩ የእጁን ክር በቀዳሚው ቀለበት የመጨረሻ ጆሮ ውስጥ በኪሮሽ ስበው ያውጡ፣ መወርወሪያውን በወጣው እጥፋት ውስጥ አሳልፈው ያጥብቁ፤ ይህ ማያያዣ ከቋጠሮ አይቆጠርም። ከዚያ 5፣ ጆሮ፣ 5፣ ጆሮ፣ 5። እንዲህ 6 ቀለበት ይሠራል፤ በስድስተኛው የመጨረሻው ጆሮ ቦታ ላይ ከመጀመሪያው ቀለበት የመጀመሪያ ጆሮ ጋር ይያያዛል። እዚህ አበባውን ከሁለት አጥፈው ካልያዙ ጆሮው ይጠማዘዛል። ያስቸገረው ሰው ማያያዣውን ትቶ ሲጨርስ በመርፌ ቢሰፋው ማንም አይለየውም።

አበባው እንደ ቀሚስ ጠርዝ ከተርገበገበ ቀለበቶቹ መሐል ላይ ተጨናንቀዋል፤ ባዶውን ክር ወደ 3 ሚሊ ሜትር ያስረዝሙት። የሁለቱን ጫፍ ክር አጥብቀው አስረው እያንዳንዱን በ4 ወይም 5 ቋጠሮ ውስጥ በመርፌ ያስገቡ። ሙጫ ብቻውን አይይዝም።

ማጠብና ቅርፅ ማስያዝ

ኮፍያውን ለብ ባለ ውኃ 20 ደቂቃ ዘፍዝፈው፣ ሳይጠመዝዙ በፎጣ ጠቅልለው ይጫኑት፣ ራስ የሚያህል ነገር ላይ አድርገው ያድርቁት። የሚለጠጠውን ጠርዝ ግን አይወጥሩት፤ ተወጥሮ ከደረቀ መሰብሰቡን ይቀንሳል።

አበባዎቹን ለማጠንከር ነጭ የእንጨት ኮላና ውኃ እኩል በእኩል ቀላቅለው ይንከሩ፣ ትርፉን በጨርቅ ይምጠጡ። በፕላስቲክ በተሸፈነ ፎም ላይ በእያንዳንዷ ጆሮ በማይዝግ ስፒል ወጥረው ሌሊቱን ያሳድሩት። በስኳር ውኃ ማጠንከር የቆየ ዘዴ ነው፤ ነገር ግን ጉንዳን ይጠራል፣ አየሩ ሲረጥብም ይጣበቃል። የጉትቻውን ማንጠልጠያ ብረት ኒኬል የሌለበት ይምረጡ፤ የብዙ ሰው ጆሮ በኒኬል ይቆጣል።

ዋጋና ጠረጴዛ

ዋጋው እንዲህ ይሰላል፦ የክሩ፣ የማንጠልጠያውና ጉትቻው የሚሰካበት ካርድ ወጪ፤ ሲደመርበት የሥራ ሰዓትዎ ለሰዓት በሚመድቡት ክፍያ ተባዝቶ፤ ሲደመርበት የቦታ ኪራዩ ይሸጣል ብለው ለሚጠብቁት ዕቃ ብዛት ተካፍሎ። ድምሩ ገበያው ከሚሸከመው በላይ ከሆነ ዕቃውን ይቀይሩ ወይም አሠራሩን ያሳጥሩ። የሰዓቱን ክፍያ ዜሮ ማድረግ ራስን ብቻ ሳይሆን አጠገብ የሚሸጠውንም ይጎዳል።

እያንዳንዱ ኮፍያ ላይ የክሩን ዓይነት፣ የራስ ልኩንና አስተጣጠቡን የሚገልጽ መለያ ይታሰር። የሱፍ ኮፍያ ሽታ ስለሚይዝ ከምግብና ከሲጋራ አርቀው በንጹሕ ከረጢት ያስቀምጡት። አንድ ኮፍያ ራስ በሚመስል ቅርፅ ላይ ይቀመጥ፣ ሌሎቹ በየቀለማቸው ይደርደሩ። መስታወት አይርሱ፤ ያልተሞከረ ጉትቻ ብዙ ጊዜ አይሸጥም። ለሕፃናት የሚሆን ነገር ከጨመሩ አዝራርና ረጅም ማሰሪያ አይኑረው፤ በብዙ አገር ለልጆች ዕቃ የተለየ የደኅንነት ደንብ ስላለ አስቀድመው ይጠይቁ።

ባዛሩ ላይ ቁጭ ሲሉ መወርወሪያውን ይዘው ይሥሩ፤ አላፊው ቆሞ “ይህ ምንድን ነው?” ይላል። ሹራቡን ግን ቤት ይተዉት፤ ዓይን ሲቆጥሩ አንገት ይደፋል፣ ገዢም ሳያስቸግር ያልፋል።