ከስንዴ ዘር ላይ እንክርዳድን ማጥራት

እንክርዳድን ማሳ ላይ ከማሳደድ ጎተራ ላይ መያዝ ይቀላል። ፍሬው እንደ ስናር ቀድሞ አይረግፍም፤ ከስንዴው ጋር ታጭዶ፣ አብሮ ተወቅቶ ይከተታል። አፈር ውስጥም ብዙ ዓመት አይቆይም። በየክረምቱ መልሶ የሚዘራው እንግዲህ ገበሬው ነው።

ቡቃያው ቁርጥ ስንዴ ስለሚመስል በመጀመሪያው አረም አትድከሙበት። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 13 የእርሻው ባለቤት አትንቀሉ ያለው ስንዴው አብሮ እንዳይነቀል ነው። ለዘር ለሚሆነው ግን እስከ መከር አይጠበቅም። መስከረም ላይ ዛላው ሲወጣ በግልጽ ይለያል፦ የእንክርዳድ ዛላ ቀጭንና ረጅም ነው፤ ፍሬ የያዙት ዘለላዎች ግራና ቀኝ ተራርቀው፣ በጠርዛቸው ዘንጉን ተደግፈው ይቆማሉ። የስንዴው ተጠጋግቶ በሰፊ ጎኑ ይለጠፋል።

በምሥራቅ ጎጃም ማቻከልም ሆነ ጎዛምን ወረዳ፣ ለሩብ ሔክታር ከ31 እስከ 38 ኪሎ ዘር ይበቃል። ስለዚህ ከማሳው ደህናውን ጥግ፣ 20 በ20 ሜትር ያህል፣ ለዩ፤ ከሔክታር 20 ኩንታል ብቻ ቢገኝ እንኳ 80 ኪሎ ይሰጣል። እንክርዳዱን ፍሬው ሳይደርቅ ከዚያ ጥግ ነቅላችሁ አውጡ፤ ከሳምንት በኋላ ዘግይቶ የወጣውን ድገሙ። ይህን ለብቻው አጭዳችሁ በተጠረገ አውድማ ውቁ። በኪራይ መውቂያ ከወቃችሁ መጀመሪያ የምግቡን ስንዴ አስገቡ፤ ከሌላ ሰው ማሳ የቀረ ፍሬ ማሽኑ ውስጥ አይጠፋም።

ማንፈስ ገለባውን እንጂ እንክርዳዱን አያወጣም፤ ክብደቱ ለስንዴው ይቀርባል። ወንፊት ይሻላል፦ ቀጭኑ ፍሬ ከጫጫው ስንዴ ጋር ወደ ታች ይወርዳል። ጫጫውም ለዘር አይረባም፣ አትሳሱለት። ወንፊቱን ከሞላችሁት ግን ከላይ ያለው ሳይነፋ ይቀራል። የተረፈው ሰፌድ ላይ በእጅ ይለቀማል፤ ገለፈቱ ያልለቀቀውን ፈልጉ። ስትፈትሹ ከጆንያው አፍ ብቻ አትዝገኑ፤ ጥቃቅኑ ፍሬ በጉዞ ወደ ታች ይወርዳልና ከመካከልና ከሥርም ውሰዱ።

የአረም ማጥፊያው ቱ ፎር ዲ ለዚህ አይሆንም፤ ቅጠለ ሰፊውን ይገድላል፣ እንክርዳድ ግን እንደ ስንዴው ሣር ነው።

የወጣውን አቃጥሉት። ከመኖ፣ ከፍግ፣ ከጠላ እህልም አይቀላቀል፤ የበላውን ያዞረዋል፣ ዓይኑን ያደበዝዛል፣ ያስመልሰዋል። የምግቡም ስንዴ ከመፈጨቱ በፊት ይለቀም፤ ዱቄት ከሆነ በኋላ የሚለይበት መንገድ የለም።