ሃቫን ቤት ውስጥ ሲደረግ እሳቱ ካስቸገራችሁ፦ ችግሩና መፍትሄው

ተማሪ ሳለሁ ሕንድ አገር፣ ፑኔ ከተማ፣ አንድ የማራቲ ቤተሰብ ቤት ክፍል ተከራይቼ ኖሬያለሁ። የቤቱን አያት ሁላችንም «አጂ» ነበር የምንላቸው። በማራቲኛ አያቴ እንደማለት ነው። አጂ ልደት ሲሆን፣ ቤት ሲመረቅ፣ በዓል ሲመጣ ሃቫን ያደርጋሉ። ሃቫን የሂንዱዎች የእሳት ሥርዓት ነው፤ ሆማም ይባላል። የመዳብ ወይም የብረት ማንደጃ ውስጥ እሳት ይነዳል፣ ማንትራ፣ ማለትም የጸሎት ቃል፣ ይደገማል፣ ቅቤና እህል ለእሳቱ ይቀርባል።

መጀመሪያ እንጨት አቀባይ ነበርኩ። ቀጥሎ ቅቤ የማቅለጥ ሥራ ተሰጠኝ። ሦስተኛው ዓመት ላይ እሳቱን የምጠብቀው እኔ ሆንኩ። ይህን የምጽፈው የሂንዱ ባል ወይም ሚስት፣ ጎረቤት ወይም ደባል ኖሯችሁ «እስቲ እሳቱን ያዙልን» ለምትባሉ ነው።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። ለሂንዱዎች እሳቱ አግኒ ነው፤ አምላክም መልእክተኛም ነው። ሪግ ቬዳ የሚባለው ጥንታዊ ቅዱስ መጽሐፋቸው የሚጀምረው በሱ ስም ነው። በነዚያ ጥንታዊ መዝሙሮች አግኒ የቤት እንግዳ ተብሎ ይጠራል። የአማልክት አፍ ነውም ይባላል፤ እሳቱ ውስጥ የገባው ሁሉ በሱ በኩል ይደርሳቸዋል። አጂ ይህን ሲነግሩኝ ቶሎ የመጣልኝ ጉርሻ ነበር። እኛ አገር ለምንወደው ሰው በእጃችን እናጎርሳለን አልኳቸው። በጣም ወደዱት። ከዚያ ቀን ወዲህ እሳቱ ላይ ብዙ ስጨምር «አነቅሽው!» ይሉኝ ነበር። እውነትም ከዚህ በታች ያለው ችግር አብዛኛው የሚመጣው ጉርሻው ሲበዛ፣ ወይም ገና አፉን ሳይከፍት ስናጎርሰው ነው።

እሳቱ አልያዝም ይላል፤ ቢይዝም ይጠፋል

መጀመሪያ የሚጠረጠረው እንጨቱ ነው። ብዙ ቤት የማንጎ እንጨት ነው የሚጠቀሙት። ሳሚዳ ይሉታል። የጸሎት ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች በላስቲክ ጠቅልለው ይሸጡታል። ላስቲኩ ውስጥ ያለው እንጨት ደረቅ ይመስላል እንጂ ብዙ ጊዜ እርጥበት አለው። የፑኔ ዝናብ እንደኛ ክረምት ከሰኔ ጀምሮ እስከ መስከረም ይዘልቃል። በነዚያ ወራት የተገዛ እንጨት በፍጹም አይታመንም።

መፈተኛው ቀላል ነው። ሁለት እንጨት እርስ በርስ አጋጩ። ደረቁ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። እርጥቡ ድፍን ያለ፣ የታፈነ ድምፅ ነው ያለው። ጫፉንም እዩት፤ የደረቀ እንጨት ጫፉ ላይ ስንጥቅጥቅ ይላል። እሳት ላይ ከሆነ በኋላ ጫፉ ላይ አረፋ ካወጣና «ሽሽሽ» ካለ ውሃውን እየቀቀላችሁ ነው ማለት ነው። እሱን አውጡትና ሌላ አስገቡ። አጂ የዓመቱን እንጨት የሚገዙት በበጋ ነበር። ጣት በሚያህል ውፍረት ያስፈልጡትና ሰገነት ላይ ፀሐይ ያስመቱታል። ከዚያ ወጥ ቤት፣ ምድጃው አጠገብ ይቀመጣል።

እንጨቱ ደረቅ ሆኖ እሳቱ ከጠፋ ደግሞ ያጣው አየር ነው። የሃቫን ማንደጃ፣ ኩንድ የሚሉት፣ የተገለበጠ ፒራሚድ ነው። ከላይ ሰፊ፣ ከታች ጠባብ። ታቹ ጠባብ ስለሆነ እንጨት ከጠቀጠቃችሁበት አየር መግቢያ ያጣል። ሁለት እንጨት ትይዩ አስቀምጡ፣ በላዩ ሁለት በአግድም፣ እንደገና ሁለት። መሐሉ ባዶ ይሁን። ባዶው ላይ ቅቤ የነካ የጥጥ ፈትልና አንድ ፍሬ ካምፎር፣ ቶሎ የሚቀጣጠለውን ነጭ ፍሬ፣ አድርጉና ለኩሱ።

ኬሮሲን፣ ቤንዚን፣ አልኮል አይነካም። በአፍ እፍ ማለትም የለም። ብዙ ቤተሰቦች ትንፋሽና ምራቅ እሳቱን ያረክሰዋል ይላሉ። እኔ ደግሞ አመዱ ወደ ዓይን እንደሚመለስ አይቻለሁ። ማራገቢያ ተጠቀሙ። ከሌለ የካርቶን ቁራጭ ይበቃል።

ጭሱ ቤቱን ሞላው

የጭሱን መልክ እዩ። ነጭና ወፍራም ከሆነ የእንጨት ውሃ ነው፤ መልሱን ከላይ ብያለሁ። ሳማግሪ በተጨመረ ቁጥር ብን እያለ ወደ ቢጫ የሚያደላ ጭስ ከወጣ ግን ጉርሻው በዝቷል።

ሳማግሪ ለእሳቱ የሚቀርበው ደረቅ ቅይጥ ነው። ገብስ፣ ጥቁር ሰሊጥ፣ ሩዝ፣ ሰንደል፣ ሥራሥር ይገባበታል። ጉጉል የሚባል ሙጫም አለበት። ጉጉል የኛ ከርቤ የቅርብ ዘመድ ነው፤ የአንድ ወገን ዛፎች ናቸው። ሲሸተኝ አገሬ ያለሁ ይመስለኝ ነበር። ይህ ቅይጥ ነበልባል ሲያገኝ ይነዳል። ፍም ላይ ብቻ ሲወድቅ ግን ይጨሳል እንጂ አይነድም።

መፍትሄው ሥርዓቱ ራሱ ውስጥ አለ። ሳማግሪ የሚቀርበው በቀኝ እጅ፣ በአውራ ጣት፣ በመሐል ጣትና በቀለበት ጣት ተቆንጥሮ ነው። ሌባ ጣት አይነካም። እነዚያ ሦስት ጣቶች የሚይዙት ልክ እሳቱ የሚችለው ልክ ነው። ሰው ሲበዛና ማንትራው 108 ጊዜ የሚደገም ሲሆን ሁሉም በእፍኙ ይዘግናል። ያኔ እሳቱ ይታነቃል። ከታነቀ እጃችሁን ሰብስቡ። ግማሽ ማንኪያ ቅቤ አንጠባጥቡ፣ አንድ ቀጭን እንጨት ጨምሩ፣ ነበልባሉ እስኪቆም ጠብቁ። ማንትራውን ግን አታቋርጡ። አጂ በዚያ መሐል ድምፃቸውን ዝግ ያደርጉና እሳቱን እያዩ ይጠብቁታል። እንግዳ ጎርሶ እስኪውጥ እንደሚጠበቅ።

ርካሽ ሳማግሪ ላይም ተጠንቀቁ። ነጭ ወረቀት ላይ ዘርግታችሁ እዩት። ፍሬው፣ ቅርፊቱና ሙጫው በዓይን መለየት አለበት። የሚታየው ሁሉ አንድ ዓይነት ብናኝ ከሆነ የእንጨት ሰጋቱራ ሊሆን ይችላል።

መስኮት በሁለት ወገን ክፈቱ። የጣሪያ ማራገቢያውን ግን አጥፉ። ሕንድ ቤት ያለ እሱ አይኖርምና ማንም ማጥፋቱ ትዝ አይለውም። እሱ ጭሱን አያወጣውም፤ መልሶ ያወርደዋል፣ ፍንጣሪም ይበትናል። የሃቫን ጭስ አየር ያጸዳል የሚሉ ብዙ ናቸው። እምነታቸውን አከብራለሁ። ለሳንባ ግን የእንጨት ጭስ የእንጨት ጭስ ነው። አስም ያለበት ሰው፣ ነፍሰ ጡርና ሕፃን በር አጠገብ ይቀመጡ፤ ከቤት ውጭ ቢሆን ደግሞ ይሻላል። አሜሪካና አውሮፓ አፓርታማ ውስጥ የጭስ ማንቂያው ከጮኸ መፍትሄው ማንቂያውን መሸፈን ወይም ባትሪውን ማውጣት አይደለም። ሕንፃው የሚፈቅደውን ጠይቁና ውጭ፣ ግቢ ውስጥ አድርጉት።

ነበልባሉ ድንገት ዘለለ

ይሄኛው ያስፈራል። የደረሰብኝም በፑርናሁቲ ላይ ነበር፤ የመጨረሻው ማቅረብ ማለት ነው። ሁሉም ሰው ተነሥቶ የቀረውን ቅቤ በአንዴ አፈሰሰ። ነበልባሉ ደረቴ ጋ ደረሰ። የለበስኩት ሻሽ ፖሊስተር ነበር። ጫፉ ሲኮማተርና ጠብ ጠብ ሲል አሁንም ይታየኛል። አንዱ የቤቱ ልጅ ጎትቶ ባያወልቅልኝ አንገቴ ላይ ይጣበቅ ነበር። ከዚያ በኋላ እሳት ፊት የምቀመጠው የእናቴን የጥጥ ነጠላ አጥብቄ፣ ጫፉን ወገቤ ላይ ሸጉጬ ነው።

ምክንያቱ ሁሌ ቅቤው ነው። በዝቶ፣ ከከፍታ ፈስሶ ወይም ከመጠን በላይ ግሎ። ግማሽ ጭልፋ ይበቃል። እጀታው ረጅም የሆነ የእንጨት ጭልፋ ያዙ። ዝቅ ብላችሁ፣ በቀስታ አንጠባጥቡ። ቅቤው ይቅለጥ እንጂ አይፍላ። የቅቤው ሳህን ደግሞ ከማንደጃው አንድ ክንድ ይራቅ።

ነበልባሉ ከፍ ካለ ውሃ እንዳትደፉበት! ውሃው በሚነደው ቅቤ ውስጥ ይሰምጥና በቅጽበት ተንኖ የሚነደውን ቅቤ ይረጨዋል። ብረት ትሪ ክደኑበት፣ ወይም አሸዋ። አንድ ባልዲ ደረቅ አሸዋ ሁሌ አጠገባችሁ ይኑር። በሥርዓቱም ቢሆን የሃቫን እሳት በውሃ አይጠፋም፤ በራሱ እስኪበርድ ነው የሚተወው።

እሳቱ ዝም ብሎ የሚንጣጣ ከሆነ ቅቤው ውስጥ ውሃ አለ ማለት ነው። ሕንዶቹ የሚጠቀሙት ቅመም የሌለው የላም ንጥር ቅቤ ነው፤ ጊ ይሉታል። ኮረሪማና አብሽ ያለበት የኛ ንጥር ቅቤ አይተካውም፤ ቅመሙ ያራል። ካጣችሁ ጨው የሌለው ለጋ ቅቤ በለዘብተኛ እሳት አንጥሩ። መንጣጣቱን ሲተውና ከታች ያለው ዝቃጭ ቡናማ ሲሆን አጥልሉት።

ኮኮናቱ ከፈነዳስ? ለፑርናሁቲ የሚገባው የደረቀ ኮኮናት ነው። ውስጡ ውሃ ያለበት ድፍን ኮኮናት እሳት ውስጥ ሲገባ እንፋሎቱ መውጫ ያጣና ይፈነዳል። ደረቁን ግዙ፣ ጫፉን ብሱት፣ ቅቤና ሳማግሪ ሙሉበት።

ሽታው የጸሎት አይመስልም

ጉሮሮ የሚከረክር የኬሚካል ሽታ ካለ ሁለት ነገር ጠይቁ። እንጨቱ ከየት መጣ? የቀለም፣ የቫርኒሽ ወይም የሙጫ ንክኪ ያለው የዕቃ ስብርባሪ፣ ኮምፔንሳቶም ጭምር፣ መርዛማ ጭስ ያወጣል። ነጩ ፍሬስ በእርግጥ ካምፎር ነው? ልብስ ከብል የሚጠብቀው ናፍታሊን በመልክ ያሳስታል። ናፍታሊን እዚህ ቦታ የለውም። ካምፎሩም ራሱ ቢዋጥ መርዝ ነውና ሕፃናት እጅ እንዳይገባ።

ዚንክ በተቀባ ባልዲ ወይም ቆርቆሮ ውስጥ እሳት አታንድዱ። ሽፋኑ በጣም ሲግል የሚያወጣው ጭስ ሰው ያሳምማል። ከማንደጃው ሥር ጡብ ደርድሩ፣ በላዩ አሸዋ። ያለበለዚያ ሴራሚኩ ይሰነጠቃል፤ አንዳንዴም ተፈናጥሮ ይነሣል።

ማንትራውና እጁ አልተገናኙም

አንዱ ቀድሞ ይጨምራል፣ ሌላው ይዘገያል፣ ቆጠራው ይጠፋል። የሚጠበቀው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ «ስዋሃ»። ማንትራው በሱ ይዘጋል፤ እጅ የሚዘረጋውም ያኔ ነው። ቋንቋውን ባታውቁም ጆሯችሁን እዚያ ቃል ላይ ጣሉ። ብዙ ጊዜ ከኋላው «ኢዳም ና ማማ» ይባላል። ይህ የኔ አይደለም ማለት ነው። እኔ ሃቫንን የወደድኩት በዚህች ቃል ነው። ቅቤው ከእጃችሁ ሲወርድ ጮክ ብላችሁ የኔ አይደለም ትላላችሁ።

ሂንዱ ያልሆነ ሰው ማቅረብ ይችላል ወይ? በቤቱ ይወሰናል። ስዋሚ ዳያናንዳ ሳራስዋቲ በ1875 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ቦምቤይ ላይ የመሠረቱት አርያ ሳማጅ ሃቫንን የየቤቱ ሥርዓት ለማድረግ ብዙ ደክሟል። ሌሎች ቤቶች ግን ያለ ካህን አይጀምሩም። ስለዚህ ሳትጠይቁ እጃችሁን አትዘርጉ። እሳቱን መጠበቅ ብቻም ትልቅ አደራ ነው።

ካለቀ በኋላ ራስ ምታት ያዘን

ይህን በዋዛ አትዩት። ነበልባሉ ቢጠፋም ፍሙ ለሰዓታት ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። ሽታ የለውም። እኛ አገር ከሰል አንድዶ ቤት ዘግቶ ተኝቶ ያልተነሣ ሰው ወሬ ያልሰማ የለም፤ ይኸው ነው። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ማዞር ከመጣ ሁሉንም ሰው ወደ ውጭ አየር አውጡ፤ ካልተሻለ ወይም የተዝለፈለፈ ካለ ሐኪም ቤት ውሰዱ። ፍሙ አመድ ሆኖ እስኪበርድ መስኮት አይዘጋ፣ በዚያ ክፍል ማንም አይተኛ። የጋለ ማንደጃ ተሸክማችሁም አትዙሩ።

አመዱን በማግሥቱ እንጂ ማታውኑ አታንሡ። ላዩ ቀዝቅዞ ሆዱ ረመጥ ይይዛል፤ ፌስታል ውስጥ ስትጨምሩት ያቃጥለዋል። በእንጨት ቆስቁሱትና መዳፋችሁን ከላይ ያዙ፤ ሙቀት ከተሰማችሁ ተዉት።

አጂ ጠዋት ከሻያቸው በፊት ነበር የሚያነሡት። መጀመሪያ በቀለበት ጣታቸው ትንሽ ነክተው ግንባራቸው ላይ ያደርጋሉ፣ ከዚያ የኔ ግንባር ላይ። ጥቂት ቆንጠር አድርገው ቱልሲያቸው ሥር ይበትናሉ። ቱልሲ የኛ በሶብላ ዘመድ ነው፤ እንደሱው ይሸታል። የቀረውን በመዳብ ሳህን ይዘው ግቢው ጥግ ወዳለው ማንጎ ዛፍ ይሄዳሉ። ሥሩ ላይ ያፈሱና በባዶ እግራቸው አፈር ይመልሱበታል።