ከዊንዶውስ ወደ ስቲምኦኤስ ሲሻገሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠው መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አበቃ። ጌም በደንብ የሚያጫውት፣ ግን ዊንዶውስ 11 «መስፈርቱን አያሟላም» ብሎ የማይቀበለው ኮምፒውተር ይዘው የቀሩት ሰዎች ቀላል ቁጥር የላቸውም። በዚያው ዓመት ሜይ ላይ የቫልቭ (የስቲም ጌም መደብር ባለቤት) ሲስተም የሆነው አዲሱ ስቲምኦኤስ ለመጀመሪያ ጊዜ ከቫልቭ የእጅ ጌም መሣሪያ ከስቲም ዴክ ወጥቶ በሌላ ኩባንያ ምርት፣ በሌኖቮ ሊጅን ጎ ኤስ ላይ ተጭኖ ለገበያ ቀረበ። «ዊንዶውስን ልተወው ወይ?» ብሎ ለሚጠይቀኝ ብዙ ጊዜ መልሴ «ይተዉት» ነው። ጀምረው የሚመለሱትን ግን የሚመልሷቸው ሁልጊዜ እነዚያው ስህተቶች ናቸው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ጌምዎን ሳያዩ ሲስተሙን መምረጥ

ከሁሉም የከፋው ይኼ ነው። ስቲምኦኤስ ሊኑክስ ነው፤ ከዊንዶውስ የተለየ ሲስተም። ጌሞቹ ደግሞ አብዛኞቹ የተጻፉት ለዊንዶውስ ነው። በመሃል ሆኖ የሚያስማማቸው ፕሮቶን የሚባለው ሶፍትዌር ነው። አንድ ጌም ዳይሬክትኤክስን (የዊንዶውስን የምስል መሥሪያ) «ይህን ሳልልኝ» ሲል ፕሮቶን ትእዛዙን ሊኑክስ ወደሚያውቀው ተመሳሳይ መሥሪያ፣ ወደ ቩልካን፣ ይለውጠዋል። ብቻውን ለሚጫወት ሰው ዛሬ ይህ በሚገርም ሁኔታ ይሠራል፤ ብዙ ጊዜ ከመጫንና ከማስነሳት በቀር የሚነካካ ነገር የለም።

ችግሩ የሚመጣው በኦንላይን ጨዋታ ነው። አጭበርባሪ ተጫዋቾችን የሚይዙት አንቲ-ቺት የሚባሉት ፕሮግራሞች አንዳንዶቹ ከርነል ድረስ፣ ማለትም እስከ ሲስተሙ እምብርት ይገባሉ። የቫሎራንቱ ቫንጋርድ ለምሳሌ ጌሙ ሳይከፈት፣ ገና ዊንዶውስ ሲነሳ አብሮ ይነሳል። እንዲህ ያለው ፕሮግራም የተሠራው ለዊንዶውስ ከርነል ስለሆነ ፕሮቶን ሊያስመስለው አይችልም። ቫሎራንት፣ ባትልፊልድ 6 እና አዳዲሶቹ ኮል ኦፍ ዱቲዎች ስቲምኦኤስ ላይ የማይሄዱት በዚህ የተነሳ ነው። በእኛ አገር ጌም ሲባል ቀድሞ የሚነሳው ኳሱ፣ ኢኤ ኤፍሲ፣ ከእነሱ ጋር ነው። ማታ ማታ ከጓደኞቹ ጋር ኤፍሲ ለሚጫወት ሰው ስለ ስቲምኦኤስ ፍጥነት መንገር ጊዜ ማባከን ነው፤ ዊንዶውሱ ይቆይለት።

ሌላም አለ። ኢዚ አንቲ-ቺት እና ባትልአይ የተባሉት ሁለቱ ታዋቂ አንቲ-ቺቶች ከ2021 ጀምሮ ፕሮቶንን ይደግፋሉ፤ ፈቃዱን የሚሰጠው ግን የጌሙ ባለቤት ነው። የፎርትናይት ባለቤት አልሰጠም። የተሰጠ ፈቃድም ይነሳል። አፔክስ ሌጀንድስ ስቲም ዴክ ላይ በደንብ ሲሠራ ቆይቶ በ2024 መጨረሻ ሊኑክስን ዘጋ። ጂቲኤ ኦንላይንም ሴፕቴምበር 2024 ባትልአይን ሲጨምር የሊኑክስ ተጫዋቾች ውጭ ቀሩ፤ ብቻን የሚጫወቱት ታሪኩ ግን አሁንም ይሠራል። ኩባንያዎቹ የሚሰጡት ምክንያት ባዶ አይደለም፤ ሊኑክስ ላይ ማንም ከርነሉን እንደፈለገ ሊቀይር ይችላል። ሆኖም እኔ እንደማየው ትልቁ ምክንያት ቁጥር ነው። በ2025 መጨረሻ በስቲም የራሱ ጥናት ላይ የሊኑክስ ድርሻ ገና 3 በመቶ አካባቢ ነበር። ለ3 በመቶ ሲባል አዲስ ጣጣ የሚያነሳ ኩባንያ ብዙ አይደለም።

ስለዚህ ምንም ነገር ከመንካትዎ በፊት ባለፉት ወራት በትክክል የተጫወቷቸውን ጌሞች ይጻፉ። የገዟቸውን ሁሉ አይደለም፣ የተጫወቷቸውን ብቻ። ከዚያ አንድ በአንድ ፕሮቶንዲቢ በተባለው፣ ተጫዋቾች የትኛው ጌም ሊኑክስ ላይ እንደሚሠራ በሚጽፉበት ድረ ገጽ ላይ ይፈልጓቸው። ሲያነቡ የአስተያየቱን ቀን ይመልከቱ፤ የሁለት ዓመት «አሪፍ ነው» ዛሬ ምንም አይነግርዎትም።

«ቨሪፋይድ» የሚለውን ምልክት እንደ ዋስትና መውሰድ

ቫልቭ ይህን «ጌሙ ተፈትሾ አልፏል» የሚል ምልክት መጀመሪያ ያወጣው ለስቲም ዴክ ነው። ጽሑፉ በትንሹ ስክሪን ይነበባል ወይ፣ በጆይስቲክ ብቻ ይሄዳል ወይ የሚለውም ይታያል። ምልክቱ የሌለው ጌም በትልቅ ስክሪንና በኪቦርድ ያለ ምንም ችግር ሊሠራ ይችላል።

ዊንዶውስ የተሸነፈ አድርጎ ማሰብ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ነገሩ በአብዛኛው በስህተት ነው የሚወራው። የቫልቭ መሥራች ጌብ ኒዌል ማይክሮሶፍት ውስጥ 13 ዓመት የሠራ ሰው ነው። በ2012 ዊንዶውስ 8 ከራሱ የመተግበሪያ መደብር ጋር ሲመጣ፣ ለፒሲው ዓለም ሁሉ ጥፋት ነው ብሎ በይፋ ተናገረ። ስጋቱ ግልጽ ነበር፤ የሲስተሙ ባለቤት መደብር ከከፈተ ነገ የሌላውን መደብር በር ሊዘጋበት ይችላል። ስቲምኦኤስ የተወለደው ከዚህ ስጋት ነው። የመጀመሪያው ስሪት በ2013 ወጣ፤ ስቲም ማሽን የተባሉት ኮምፒውተሮች በ2015 ተሸጡ፤ ወዲያውም ከሰሩ። ቫልቭ ያኔ የጌም ሠሪዎችን «ለሊኑክስ ጻፉልን» ብሎ ነበር የጠበቀው። አልጻፉለትም።

በ2018 ፕሮቶን ሲመጣ ልመናው ቀረ። «እናንተ ለዊንዶውስ ጻፉ፤ ማስኬዱን ለእኛ ተዉት» ሆነ። በ2022 ስቲም ዴክ የተሳካለት በዚህ ነው። ግን ዋጋ አለው። ዛሬ ለሊኑክስ ብሎ ጌም የሚጽፍ ሠሪ ምክንያት የለውም፤ ዳይሬክትኤክስ በማይክሮሶፍት እጅ ነው፤ አዲስ ነገር ሲጨመርበት ፕሮቶን ከኋላ እየሮጠ ይደርስበታል። ዊንዶውስ ከዴስክቶፑ ቢወጣም በጌሙ ውስጥ አለ። ስቲምኦኤስን የምወደው ይህን እያወቅሁ ነው፤ ተጫዋቹ ምርጫ ማግኘቱ ለብቻው ትልቅ ነገር ነው።

ማይክሮሶፍትም እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ኦክቶበር 2025 በወጣው፣ አርኦጂ ኤክስቦክስ አላይ በተባለው የእጅ ጌም ኮምፒውተር ላይ፣ ኮምፒውተሩ ሲነሳ በቀጥታ ወደ ጌም ገጽ ይገባል፤ ዴስክቶፑ ስለማይጫን እስከ 2 ጊጋባይት ሜሞሪ እንደሚተርፍ ኩባንያው ተናግሯል። ተፎካካሪ ባይኖር ኖሮ ይህ መች ይታሰብ ነበር? ሁለቱ ኩባንያዎች ደግሞ አብረው ይነግዳሉ፤ ማይክሮሶፍት የራሱን ጌሞች የሚሸጠው በስቲም ጭምር ነው። «የማን ደጋፊ ነህ» የሚለውን ክርክር ለኳስ ይተዉት።

ቁልፍዎን ሳይዙ ዲስክ መንካት

አዳዲስ ላፕቶፖች ላይ ዊንዶውስ 11 ብዙ ጊዜ ዲስኩን ራሱ በቢትሎከር ይቆልፋል፤ ባለቤቱ ላያውቀው ይችላል። ሊኑክስን ለመሞከር ብለው ባዮስ ውስጥ (ኮምፒውተሩ ገና ሲነሳ በሚከፈተው ሴቲንግ) ያልታወቀ ሲስተም እንዳይነሳ የሚከለክለውን ሴኪዩር ቡትን ሲያጠፉ፣ በሚቀጥለው ሲያስነሱ ሰማያዊ ስክሪን ባለ 48 አሃዝ ቁልፍ ይጠይቅዎታል። ቁልፉ አብዛኛውን ጊዜ ያለው በማይክሮሶፍት አካውንትዎ ውስጥ ነው። የአካውንቱ ኢሜይል ላፕቶፑን ሲገዙ ሻጩ የከፈተው ከሆነ የልጆችዎ ፎቶ ሁሉ እዚያው ቀረ ማለት ነው። ገና ዊንዶውስ ውስጥ እያሉ ቁልፉን አውጥተው ወረቀት ላይ ይጻፉት።

የቫልቭ የመጫኛ ፍላሽ ደግሞ «ሪኢሜጅ» ሲሉት ዲስኩን በሙሉ ነው የሚያጠፋው፤ ዲ ድራይቭን አይለይም። ሁለቱን ሲስተም ጎን ለጎን የሚፈልግ ሰው ለዊንዶውስና ለሊኑክስ ሁለት የተለያዩ ዲስኮች ቢይዝ ይሻለዋል። ሴቮችንም (ጌሙ ውስጥ የደረሱበትን የሚያስቀምጡ ፋይሎች) ያስቡ፤ ሁሉም ጌም ሴቭ ክላውድ ላይ አያስቀምጥም።

የኢንቪዲያ ካርድ ይዞ ስቲምኦኤስን መጫን

ስቲምኦኤስ የተሠራው በኤኤምዲ ቺፕ ዙሪያ ነው። የኢንቪዲያ የግራፊክስ ካርድ ያለዎት ከሆነ ባዛይት ከተባለው ሌላ ሊኑክስ ድራይቨሩን አብሮ የሚያመጣውን ስሪት ይምረጡ፤ መልኩም አሠራሩም ተመሳሳይ ነው።

የድሮውን የጌም ፓርቲሽን እንዳለ መጠቀም

ጌሞቹ ያሉበት የዊንዶውስ ፓርቲሽን (የዲስክ ክፍል) ፋይል የሚያስቀምጠው ኤንቲኤፍኤስ በሚባለው የዊንዶውስ አሠራር ነው። ሊኑክስ ያነበዋል፤ ፕሮቶን ግን እዚያ ላይ ይንገዳገዳል፤ ጌሙ «ፕሌይ» ሲባል ትንሽ አስቦ ዝም ይላል። ሊኑክስ ወደሚጠቀምባቸው ወደ ኤክስት 4 ወይም ቢቲአርኤፍኤስ መቀየር ይኖርበታል፤ ይህ ማለት ፎርማት ነው። 100 ጊጋባይት ጌም እንደገና በሞባይል ዳታ ማውረድ ለማንም አይመከርም፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው መላ አለ። ስቲም ከ2023 ጀምሮ ጌምን በቤት ውስጥ ኔትወርክ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር ያስተላልፋል። ጌሙን ያወረደ ጓደኛ ካለዎት ሁለቱን ኮምፒውተሮች አንድ ዋይፋይ ላይ ያገናኙ፤ ኢንተርኔቱ የሚያስፈልገው ለመግባትና ለማረጋገጥ ነው። ጓደኛዎ በስቲም ሴቲንግ፣ ዳውንሎድስ ውስጥ ማስተላለፉን ለጓደኞች ይክፈት፤ እርስዎ ጌሙን ሲጭኑ ስቲም ራሱ አግኝቶት ከዚያ ይቀዳል። የጌሞችን የምስል ፋይሎች ቀድሞ የሚያወርደውን፣ ሼደር ፕሪ-ካሺንግ የሚለውንም በራስዎ ስቲም እዚያው ሴቲንግ ውስጥ ያጥፉት፤ ትንሽ በትንሽ ብዙ ዳታ ይበላል። ሲያጠፉት አንዳንድ ጌሞች መጀመሪያ ላይ ትንሽ ሊቆራረጡ ይችላሉ፤ ከተጫወቱ በኋላ ይስተካከላል።