የተቀደደ የሞተር ቦርሳ በትንሽ ብር ለመቀየር ስታስቡ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

የሞተሬ የጎን ቦርሳ የተቀደደው ከብቸና ወደ ደብረ ወርቅ ስሄድ ነው። ክረምት ነበር። ለሥራ የያዝኩት የአርሶ አደሮች መዝገብ ጭቃ ውስጥ ወደቀ። በንዴት በማግስቱ አዲስ ገዛሁ። አዲሱም ሦስት ወር ሳይሞላው እዚያው ቦታ ላይ ተበሳ።

የመጀመሪያው ስህተት ይሄ ነው፤ የቀደደውን ነገር ሳያውቁ መግዛት። ቦርሳ ዝም ብሎ አይቀደድም። ከታች ቀልጦ ወይም ተጨማዶ ካገኛችሁት የነካው ማርሚታ (የጭስ ማውጫው) ነው። ናይለን የጋለ ብረት ሲነካው ይቀልጣል። ወደ ውስጥ ያለው ጎን ተፍቆ ከሳሳ የበላው የኋላ ጎማ ነው። ሞተሩ ጉድጓድ ሲገባ ሞላው ይጨመቃል፣ ጎማው ሽቅብ ይመጣል፣ የተንጠለጠለው ቦርሳም ተወዛውዞ ያገኘዋል። በዋልካ መንገድ ደግሞ ጎማው ላይ የተለጠፈው ጭቃ እንደ ሞረድ ይፍቀዋል። ማሰሪያው ከስፌቱ ተነቅሎ ከሆነ ጭነት አብዝታችኋል።

የኔን የፈጀው ጎማው ነበር። ብረት በያጅ ጋ ሄጄ ቦርሳውን ከጎማው የሚያርቅ ድጋፍ በቀጭን ፌሮ አሠራሁ። ከዚያ ወዲህ አልተበሳም። እባካችሁ፣ ከቦርሳው በፊት ለዚህ ብረት ገንዘብ መድቡ። ማርሚታ ላይ የሚያርፍ ከሆነም መፍትሔው ያው ነው፤ ብረቱ በማርሚታው በኩል ይሠራ።

ሌላው አሮጌውን ወርውሮ መጣል ነው። ዘለበቱና ጠፍሩ ብዙ ጊዜ ደህና ናቸው፤ ፈትታችሁ አስቀምጡ። ያልተቀደደው ጎን ደግሞ አዲሱን ለሚሰፋው ሰው ልክ ይሆነዋል። እንዲያውም የተበላው ታችኛው ክፍል ብቻ ከሆነ አዲስ ቦርሳ አያስፈልጋችሁም። የጭነት መኪና ሸራ ቁራጭ ፈልጉና ታቹን ደርቡበት።

ይህን ሥራ ግን ልብስ ሰፊ ጋ አትውሰዱት። የልብስ መኪና ወፍራም ሸራ አይችልም። ቢሰፋውም በቀጭን የልብስ ክር ነው፤ ክሩ ጥጥ ከሆነ ደግሞ በክረምት ይበሰብሳል። ጫማ ሰፊ ወይም የመኪና ወንበር የሚያለብስ ባለሙያ ፈልጉ። ክሩ ናይለን ይሁን። በእጅ የሚሰፋ ከሆነ ክሩን በሰም አሹት፤ ውሃ በስፌቱ ቀዳዳ እንደልቡ አይገባም። የማር አገር ሰዎች ነን፣ ሰም አናጣም። ዋጋውን ደግሞ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ተነጋገሩ።

ተዘጋጅቶ የሚሸጠውን የምትገዙ ከሆነ ሱቅ ውስጥ በዓይን ብቻ አትለኩት። ሞተሩን ይዛችሁ ሂዱ። የሆነ ነገር ሙሉበት፣ ስቀሉት፣ ከኋላ ሰው አስቀምጡ። የሰውየው እግር ማረፊያ አለው? ፍሬቻው ይታያል? ፍሬቻ የሸፈነ ቦርሳ ከኋላ የሚመጣውን አይሱዙ ሾፌር ያሳስታል። ይሄ የሕይወት ጉዳይ ነው።

አንዱ ጎን ብቻ ተቀዶ ቢሆንም የሚተካው ከቀረው ጋር በመጠን ይመሳሰል። አጋሰስ ሲጫን ሁለቱ ወገን ሳይመዛዘን ጉዞ አይጀመርም። ሞተርም እንደዚያው ነው።

«ውሃ አያስገባም» የሚለውን ቃልም አትመኑ። ጨርቁ ባያስገባ ዚፑና ስፌቱ ያስገባሉ። ወረቀት፣ መድኃኒት ወይም ዘር የምትይዙ ከሆነ ውስጡን ወፍራም ላስቲክ አልብሱት፤ አፉን ጠቅልላችሁ እሰሩ። በጣም ርካሽ ነው፤ እኔ ካየሁት ሁሉ የሚሻለውም እሱ ነው።

በመጨረሻ አስተሳሰሩ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ የሞተር ቦርሳም እንዲሁ ነው። ገመድ ብቻውን ይላላል፣ ጫፉም ተንጠልጥሎ ሰንሰለት ውስጥ ይገባል። ጎሚስታ ጋ የማይጠቅም ከመነዳሪ (የጎማ የውስጥ ላስቲክ) አይጠፋም፤ ቀጠን አድርጋችሁ ቁረጡና ከጠፍሩ በላይ አጥብቃችሁ እሰሩበት። ይለጠጣል እንጂ አይላላም። ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ከመውረዳችሁ በፊት ግን ቁሙና ሁለቱንም ጎን በእጃችሁ ሳብ ሳብ አድርጉት። ቁልቁለቱ ላይ ከሚፈታ እዚያው ደጀን ላይ ቢፈታ ይሻላል።